የጾም ወንፈል

ጥር 27፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር የጀመርኩት በልጄ ትእዛዝ ነው። ሐመልማል ባሕር ዳር ነርስ ከሆነች ወዲህ እናቷ እኔ መሆኔን ትረሳለች። ዛሬ ደውላ፣ «እማዬ፣ አባዬን የሚያመውን፣ የሚጠጣውን፣ ትኩሳቱን፣ የሽንቱን መልክ ሳይቀር ጻፊ፤ ሐኪም ሲጠይቅሽ እንዳትደናበሪ» አለችኝ። እሺ ብዬ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁ። የሽንት መልክ ለሚጻፍበት ደብተር ይህን ያህል ማማር አያስፈልገውም ነበር።

ክንዱ ከሰዓት በኋላ ከገጠር፣ ከድብ ባሕር፣ ገባ። ከመኪናው ሲወርድ ግራ ጎኑን በእጁ ደግፎ ነበር። «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ስለው «መንገዱ ነው» አለኝ። የአንድ ቀን መንገድ ሰው እንዲህ አያከሳም።

ማን እንደሆነ ልጻፍ። ክንዱ የሐመልማል አባት ነው፤ ባሌ ነበር። ልጃችን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጎንደር ስትገባ ምግቧን ላበስል ተከትያት መጣሁ። ጥልፍ ጀመርኩ፤ እጄ ሰመረልኝ፤ ቀረሁ። እሱ «ተመለሺ» አለ፤ እኔ «ውረድ» አልኩ። እሱ መሬቱን ትቶ እንደማይወርድ፣ እኔም መርፌዬን ትቼ እንደማልወጣ ስናውቀው በሽማግሌ ከብቱን ተካፍለን ተለያየን። አልተሰዳደብንም። በዓመት በዓል ቅቤ ይልክልኛል፤ ጋቢውን እኔ አሠራለታለሁ። ሸዋረግ፣ የሱቅ ባልደረባዬ፣ «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ፍቺ ነው?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ምላሷ ከመርፌዋ የሾለ ነው።

በፊተኛው ክፍል ፍራሽ ዘረጋሁለት። እኔ ጓዳ ነኝ። እስኪታከም ብቻ ነው።

ጥር 29፣ ዓርብ

ሆስፒታል ዋልን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ምኑ ነሽ?» አለችኝ። «አስታማሚው ነኝ» አልኳት። «ዝምድናሽን ነው» አለች። እኔ ሳስብ ክንዱ ከኋላዬ «የልጄ እናት ናት» ብሎ መለሰ። ልጅቷ «ሚስት» ብላ ጻፈች። አላረምኳትም፤ ሰልፉ ረጅም ነበር።

ሐኪሙ ዶክተር ሰውአገኝ ይባላል። ወጣት ነው፤ ትዕግሥተኛ ነው፤ ሐመልማልን ቢያገባት አልከፋም። የጎኑን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አሳየን። አምና ክንዱን ጠጠር አሞት ነበር፤ ጠጠሩ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ተሰንቅሮ ከርሞ ነው የወጣው። ያ ቦታ ቆስሎ ሲድን ጠባሳ ይዞ ጠቧል። ሽንቱ መውረጃ አጥቶ ወደ ላይ ስለሚተኛ ግራ ኩላሊቱ አብጧል።

«ክፉው በሽታ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አይመስለኝም፤ የጠባሳ መልክ ነው ያለው። ስንሠራለት ናሙና ወስደን እናረጋግጣለን።»

«ዝም ብንለውስ?» አለ ክንዱ።

«ዝም ካልነው ኩላሊቱ ይሞታል፣ አባቴ። አሁንም ግማሽ ሥራውን ትቷል።»

ስንመለስ ክንዱ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ «ለሰው አንድ ኩላሊት ይበቃዋል ይላሉ» አለኝ። «በአንድ በሬ ታርሳለህ?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ አንድ ኩላሊት አላነሣም።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ዶክተሩ የሚሠራለትን ነገር አስረዳን። እኔን እስካሁን ያስቀኛል፤ ክንዱ ግን ቦርሳውን እስከ ማዘጋጀት ደርሶ ነበር።

«ቆዳ አንቀድም» አለው ዶክተሩ። «በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን ካሜራ እናስገባለን። በፊኛ አልፈን ቱቦው ጋ እንደርስና የጠበበውን ቦታ በፊኛ እናሰፋዋለን።»

ክንዱ ወደ እኔ ዞረ። «ፊኛን በፊኛ?»

ዶክተሩ ምን እንደተባለ አልገባውም። ክንዱ የገዛ ፊኛውን እንደ ጎማ ነፍተው ቱቦውን ሊወጥሩበት መስሎታል። «ብትፈነዳስ?» አለ ቀስ ብሎ። ነገሩ ያኔ በራልን። አንዱ ፊኛ ፈጣሪ ያስቀመጠው የሽንት ቋት ነው፤ ሌላው ልጆች በልደት ቀን እንደሚነፉት ያለ፣ ግን ከስንደዶ የቀጠነ ነው። ተጣጥፎ ይገባል፤ ጠባቡ ቦታ ሲደርስ ይነፋል፤ ቦታውን አስፍቶ ተመልሶ ይወጣል። ከዚያ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ትቀመጥለታለች፤ ቁስሉ እስኪድን መንገዱ እንዳይዘጋ። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይታ ትወጣለች።

«እሱስ ሸጋ ነው» አለ ክንዱ። «በየት በኩል ነው የሚገባው አሉኝ?»

ደግሞ ተነገረው። ቤት እስክንደርስ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሰብስቦ ነበር።

እኔ ጠላፊ ስለሆንኩ ነገሩ ቶሎ ገባኝ። እጅጌ ጠቦ እጅ አላስገባ ሲል ስፌቱን መተርተር አለ፤ ሳይተረትሩ ከውስጥ እያረጠቡ መሳብም አለ። የተተረተረ ልብስ ምንም ቢሰፉት እንደ ቀድሞው አይሆንም። ይህን ብነግረው «እኔ ቀሚስ አይደለሁም» አለና ልብሱን ወደ ቦርሳው ይከት ጀመር። ሕመሙ ያላሸነፈውን ሰው ሐፍረት ሊመልሰው ነው።

«ክንዱ» አልኩት፣ «ሐመልማልን በየት በኩል የወለድኳት ይመስልሃል? ያን ቀን የአገሩ ሴት ሁሉ ቆሞ አይቶኛል። አንተን አንድ ካሜራ ቢያይህ ምን ይጎድልብሃል?»

ጎኑን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ያመዋል። ልብሱን መልሶ አወጣ፤ እኔም አጣጥፌ ከኔው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሌላ ቦታ ስለሌለ ነው።

የካቲት 8፣ እሑድ

ቅበላ ነው፤ ነገ ሁዳዴ ይገባል። ዶሮ ሠራሁ። ለራሴ ነው የሠራሁት፤ ግን ዶሮ ሠርቶ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። ፈረሰኛውን ሳወጣለት መልሶ ወደ እኔ በኩል አደረገው። «ፈረሰኛ የአባወራ ነው፤ ቤቱ ያንቺ ነው» አለ። ተከራክረን ተከራክረን ለሁለት ቆረስነው።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ማለዳ አስገቡት። ውጭ አግዳሚ ላይ ነኝ።

ጥልፍ ይዤ መጥቼ ነበር። ክሩ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባልኝም።

ያደነዘዙት ከወገቡ በታች ብቻ ነው። ነቅቶ ሁሉን ይሰማል። ፈርቶ ይሆን? ቢፈራስ ለማን ይናገራል።

ነርሷ ሲስተር ዝናሽ ወጣች። «ገና ነው» አለች። ተመልሳ ገባች።

ብዙ ሰው ገብቶ ወጣ። የእኛ በር አልተከፈተም። መምከር አልነበረብኝም። ሄዶ ቢሆን ኖሮ አሁን ቤቱ ነበር።

ከሰዓት በኋላ።

ወጣ። ዶክተሩ ጭንብሉን አውርዶ «ጠባቡ ቦታ አጭር ነው፤ ጥሩ ሰፍቷል። ቱቦዋ ገብታለች፤ ናሙናም ወስደናል» አለኝ። እጁን ይዤ ሳምኩት። ደነገጠ መሰለኝ።

ክንዱን በተሽከርካሪ አልጋ ሲያመጡት ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «የትነበርሽ» አለ። ስሜ ነው። እናቴ ከብዙ ወንዶች ልጆች በኋላ ስታገኘኝ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ ዕድሜ ልኬን ስጠራበት «አቤት» ብያለሁ። ዛሬ ግን ይጥራኝ ወይ ይጠይቀኝ አልለየሁም። «እዚሁ በር ላይ ነበርኩ» አልኩት። «ቆየሽ» አለ። ቢበዛ ግማሽ ቀን ነው። መድኃኒቱ ነው እንጂ ለዚህ «ቆየሽ» ባላለኝ ነበር።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ቤት ገባን። ሽንቱ ቀላ ይላል። ሲሸና ወደ ጎኑ ይወጋዋል፤ ቶሎ ቶሎ ያስነሣዋል። ቱቦዋ ናት፤ የሚጠበቅ ነው ተብለናል። የድብ ባሕር መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ስለዚህ ቱቦዋ እስክትወጣ ከጎንደር እንዳይርቅ ዶክተሩ አዟል።

ሌላም አዟል፦ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ። ብዙ ውሃ። ክንዱ «እሺ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቤት ስንገባ ብርጭቆ ሞልቼ ሰጠሁት።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ» አለ።

«ለሐኪሙ እሺ አላልክም?»

«እሺ ያልኩትማ ውሃውን ነው። ሰዓቱን መች ጠየቀኝ?»

ብርጭቆው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ቆየ። ከዚያ በኋላ የቀኑን ውሃ በአንድ ጊዜ ሊጠጣው ሞከረ፤ ሆዱ አልቻለም።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ትኩሳት። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጋቢ በጋቢ ላይ ደረብኩለት። ባጃጅ። ሆስፒታል። ልቆጣው እፈልጋለሁ፤ እሱን ሳየው አልችልም።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ትኩሳቱ በመርፌ በርዷል። ዛሬ አልጋው አጠገብ የሆነውን በደንብ ልጻፍ፤ ሐመልማል ስትሰማ አታምነኝም።

ዶክተር ሰውአገኝ ሲመጣ ፊቱ ደስ አይልም ነበር። «አባቴ፣ ውሃ ካልጠጡ ኢንፌክሽን ይነሣል፤ ቱቦዋም ትዘጋለች። ከተዘጋች ያ የደከምንለት ኩላሊት ይሄዳል» አለ። ክንዱ «እሺ ጌታዬ» አለ። የእሱን «እሺ» አሁን አውቃታለሁ። ዶክተሩ ሲወጣ ለአባ ፍቅረ ማርያም ደወልኩ። ድብ ባሕር ያሉ የንስሐ አባቱ ናቸው፤ ዱሮ የሁለታችንም ነበሩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ትራሱ ላይ አኖርኩት።

«ክንዱ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም» አሉ አባ። «ፈትቼሃለሁ፤ ጠጣ።»

«እርስዎስ ፈቱኝ አባ፤ ልቤ መች ፈታኝ?» አለ ክንዱ። «ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። አሁን ጠጉሬ ሸብቶ ሰው ሁሉ ሲጾም እኔ በጠዋት ውሃ ስጨልጥ ልዋል?»

ድምፁ ሊያለቅስ የቀረበ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሲያለቅስ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ ከብቱን የተካፈልን ቀን። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «ያንተን እኔ እጾምልሃለሁ» አልኩ።

«ያንቺስ?»

«የእኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዘጠኝ እስከ ፀሐይ ግባት ያለው ያንተ ይሁን።»

«ጾም እኮ እንደ በሬ አይዋዋስም፣ ልጄ» አሉ አባ።

ክንዱ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «ወንፈል ቢሆንስ አባ? ዛሬ እሷ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለእሷ። እርሻውን በወንፈል አርሰን፣ አጨዳውን በወንፈል አጭደን፣ ጾሙ ምን ያደርገዋል?»

ክፍሉ ውስጥ የተኛው በሽተኛ ሁሉ ያዳምጥ ነበር፤ አንዱ በሳቅ ሳል ጀመረው።

«በመጽሐፍ አላየሁትም» አሉ አባ። «ግን ልብህን የሚያሳርፈው ከሆነ ይሁን። እሷ ትጹምልህ፤ አንተ ውሃህን ጠጣ። ብድሩ ባንተ ላይ ነው።»

ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለ። ፊቱን አዙሮ ጠጣው፤ ሌላም አስቀዳኝ።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ቤት ነን። ይጠጣል። ሽንቱ እየነጣ መጥቷል፤ ሐመልማል ሆይ፣ ጽፌዋለሁ።

የእኔው ከባድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሸዋረግ ምሳዋን ትከፍታለች፤ እኔ ሥራ አለብኝ እላታለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አያልፍም። ዛሬ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ላይ መስቀሉን ዘቅዝቄ ጠለፍኩት፤ ፈታሁት፤ ደግሜ ዘቅዝቄ ጠለፍኩት። አንዷን ደንበኛ ያለ ነገሯ ተቆጣሁ። ጾምኩ ብሎ ሰው መቆጣት ጾሙን ማፍሰስ ነው፤ ያውም የሰው ጾም።

ሸዋረግ ታየኛለች። «ከሳሽ፤ ጸጉርሽን ግን በየሳምንቱ ትሠሪያለሽ» አለችኝ። ጸጉሬን የምሠራው ሱቅ ውስጥ ስለምቀመጥ ነው። ደንበኛ ያያል።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

የናሙናው ውጤት ወጣ። ካንሰር አይደለም። ንጹሕ ጠባሳ ነው።

ክንዱ «እኔስ አውቄው ነበር» አለ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ለሐመልማል ስደውል ድምፄን አስተካክዬ ነው የነገርኳት። እሷም ድምጿን አስተካክላ «እሺ እማዬ» አለችኝ። አንድ ዓይነት ሰዎች ነን።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ተናድጃለሁ። ከሱቅ ስመለስ ክንዱ የለም። ሰፈሩን ዞርኩ። በመጨረሻ ሸክላ ገንቦ አቅፎ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ መጣ። ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ፣ ወለቃ ድረስ በእግሩ ሄዶ ነው። የፕላስቲክ ዕቃ ውሃው ላይ ጣዕም ይጥልበታል አለ፤ የወለቃ ሸክላ ውሃ ያቀዘቅዛል አለ። እዚህ መንገድ ዳር ያሉት ሸክላዎችስ? እነሱ አላማሩትም።

ሽንቱ ደም መሰለ። ከባድ አትሸከም ተብሎ ነበር። ስልክ ደወልን፤ ሲስተር ዝናሽ «ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ትኩሳት ካለው ብቻ አምጪው» አለች። ማታ ጠራለት።

ብዙ ተናገርኩት። ስጨርስ «ለምኔ ነው ገንቦ? ድብ ባሕር ይዤው አልሄድ» አለ። ታዲያ ለማን እንደገዛው አልጠየቅኩም። ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ውሃው እውነትም ቀዝቃዛ ነው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ሱቁ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ የሚለኩ ሁለት ሴቶች ነበሩ። «የፈታችውን ባል ቤቷ አስገብታ ውሃ ታጠጣለች አሉ።» «በሁዳዴ?» «በሁዳዴ እንጂ።» እኔስ ለምጄዋለሁ። ክንዱ ግን በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የረሳሁትን ቁልፍ ሊያቀብለኝ መጥቶ።

ማታ እንዲህ አለ፦ «እዚሁ አዘዞ የአጎቴ ልጅ አለ። እሱ ዘንድ ልሁን። ስምሽን ለምን አስነሣዋለሁ?»

«ስሜ የኔ ነው። ውሃህን ማን ይቀዳልሃል?»

«እኔ እጅ የለኝም?»

«ጾምህን እኔ እዚህ እየጾምኩ አንተ ውሃውን አዘዞ ልትጠጣ? ወንፈል እንዲህ ነው ያስተማሩህ? በወንፈል ጊዜ ባለእርሻው ጥሎ ይሄዳል?»

ወደ መሬት አየ። «አይሄድም» አለ።

አልሄደም። እኔም ምሽት ላይ ከልማዴ በላይ በላሁ፤ ረሃብ ነው።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ዘነበ። ክንዱ በር ላይ ቆሞ መሬቱን ያሸታል። ወንዴ፣ በሬዎቹን የሚጠብቅለት የወንድሙ ልጅ፣ በየቀኑ ይደውላል፤ ክንዱም ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ቆይቶ ይመለሳል። ልቡ እርሻው ዘንድ ነው። ገበሬ ነው፤ ሌላ ምን ጠብቄ ነበር። ዛሬ ስለ በሬዎቹ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት።

መጋቢት 30፣ ረቡዕ

ቱቦዋ ወጣች። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ማንም ማንንም አይሳለምም፤ ክንዱ ዶክተሩን እጅ ሊነሣ ብሎ ትዝ ሲለው መሐል ላይ ቆመ።

ያደነዘዙት በሚቀባ ነገር ነው፤ ሰው አንድ ጸሎት ደግሞ እስኪጨርስ እንኳ አልቆየም። ዶክተሩ ቱቦዋን በመቆንጠጫ ይዞ አሳየን፤ ቀጭን፣ ሁለቱም ጫፏ የተቆለመመ፣ እንዳትንሸራተት። ክንዱ ብዙ አያት። «ከእኔ ጋር ሁዳዴን የከረመችው ይቺ ናት?» አለ።

«አሁን ዋናው ፈተና ነው» አለ ዶክተሩ። «ቱቦዋ ከሌለች መንገዱ ራሱን ችሎ ክፍት ይቆያል ወይስ ይጠባል፣ ከአራት ሳምንት በኋላ በአልትራሳውንድ እናያለን። ከጠበበ ቀዶ ጥገና ነው፤ ካልሆነም ኩላሊቱን ልናጣው እንችላለን።»

እኔ በቱቦዋ መውጣት ሁሉ ነገር የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

ሚያዝያ 2፣ ዓርብ፣ ስቅለት

«ስግደቱንስ ራሴ እሰግዳለሁ» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ጀመረ። ከሴቶች በኩል ሆኜ አየው ነበር። ደክሞት ግንብ ተደግፎ ተቀመጠ። የቀረውን ሰገድኩለት። አልነገርኩትም።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ሐመልማል መጥታለች። ስንፈስክ አባቷ ወንፈሉን ነገራት። እኔን አየችኝ፤ አባቷን አየችው፤ ቁርጥ ሥጋውን ወደ እኔ ገፋችው።

«ብድሬን መቼ ልክፈል?» አለኝ ክንዱ።

«አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም።»

«የሰኔው ጾም አለ።»

«ያኔማ አንተ ድብ ባሕር ነህ» አልኩት። ሐመልማል ሳል አሳላት።

ሚያዝያ 28፣ ረቡዕ

ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም፤ በግድግዳው በኩል ሲገላበጥ እሰማው ነበር። ዶክተሩ ጎኑን ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን አንሸራተተ፤ መለሰ፤ ደግሞ አንሸራተተ። ክንዱ ኮምፒውተሩን አያይም፤ እኔን ነው የሚያየው።

«እብጠቱ ወርዷል» አለ ዶክተሩ። «መንገዱ ክፍት ነው። ኩላሊቱ ተርፏል። ከክረምት በኋላ ደግሞ መጥተው ያሳዩኝ።»

ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ከደስታው ሥር ሌላም ነገር ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ጥቂት ደግሞ እዚሁ ይቆዩ» ቢለን ኖሮ አልቀየመውም ነበር።

ማታ ክንዱ «እንግዲህ መንገዱም ተከፍቷል፤ ልሂድ» አለ። «ሂድ» አልኩት። ምን ልበለው?

ሚያዝያ 30፣ ዓርብ

ሄደ። መናኸሪያ ሸኘሁት። ስንቅ ጨምሬበታለሁ። በመስኮት በኩል አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ሲከፍት መኪናው ተነሣ።

ቤቱ ሰፋ። መልካም ነው፤ ጨርቄን እዘረጋበታለሁ። ፍራሹን አጣጠፍኩት። ጠዋት ሳላስበው ውሃ ቀድቼ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ሥራ ገባሁ፤ ማታም እዚያው ነበር። ጠጣሁት።

ናፍቆኛል። ይህን ሐመልማል አታንብበው።

ግንቦት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ እንደተመለስኩ በሩ ተንኳኳ። ብከፍተው አባ ፍቅረ ማርያም ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት የድብ ባሕር ሽማግሌዎች፣ ነጭ ለብሰው፣ በትር ይዘው። መርዶ ነጋሪ እንዲህ ነው የሚመጣው፤ በጠዋት፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ዝም ብሎ። ኩላሊቱ፣ አልኩ በልቤ። መቃኑን ያዝኩ።

«ንገሩኝ» አልኩ። «ክንዱ ምን ሆነ?»

«ክንዱ ደኅና ነው፣ ልጄ» አሉ አባ ቶሎ ብለው። «ሸጋ ነው፤ ከኛ ጋር ነው የመጣው። እኛ ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ገብተው ግድግዳውን ይዘው ተደርድረው ቆሙ። ያኔ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ እንዲህ ይቆማል፤ «ቁጭ በሉ» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ካልተባለ ቆሞ ውሎ ይመለሳል። በእናቴ ቤት ሳለሁ አይቼዋለሁ። በራሴ ቤት፣ በዚህ ዕድሜዬ አያለሁ አላልኩም።

«በወጉ ወደ አባትሽ ቤት ነበር የምንሄድ» አሉ አባ። «አባትሽ ዐርፈዋል፤ ቤቱም የራስሽ ነው። እንግዲህ ልጅቱም የልጅቱ አባትም አንቺው ነሽ።»

«እርቅ እንዳንለው አልተጣላችሁም» አሉ አያ ካሣዬ፣ ከብቱን ያካፈሉን ሽማግሌ። «ጋብቻ እንዳንለው ልጅ አድርሳችኋል። ስሙን አንቺው አውጪለት።»

ድምፄ እንደ ቁጣ ሆኖ ወጣ። «እሱ መሬቱን አይተው፤ እኔ መርፌዬን አልተው። ያኔም በዚሁ አይደለም የለያያችሁን?»

«መሬቱን ለወንዴ የእኩል እንዲያርሰው ሰጥቶታል» አሉ አባ። «በሬዎቹንም። ካሣዬ ምስክር ነው። እዚህ ሊኖር ነው የመጣው፤ ካስገባሽው።»

አያ ካሣዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክንዱ መሬቱን። በአባቱ ደግሞም በአያቱ እጅ የኖረውን መሬት።

«የት ነው ያለው?» አልኩ።

«ከታች መንገዱ ላይ ነው። እሺ ካላልሽ በዚያው መኪና እንመለሳለን፤ አያስቸግርሽም።»

በመስኮት አየሁት። ግንቡን ተደግፎ፣ ቦርሳውን እግሩ ሥር አኑሮ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። ወደዚህ ለማየት ፈርቶ ነው። አባ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ሌሊቱን ሲጓዙ አድረዋል።

የበዓል ወንበሮቼን ከጓዳ አወጣሁ። ለሦስቱ ሦስት አደረግኩ። ተመልሼ ገብቼ አራተኛውን አመጣሁ፤ ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ቁጭ በሉ» አልኳቸው።